የዝሆኔ እግርና የምርምር በጀት፦ ከጎጃም የተማርነውና ገና ያልጠየቅነው

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2025) የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገር የሚሰጠውን እርዳታ በድንገት ሲያግድ፣ እኔ በምካፈልበት ኅብረት ጉዳዩ የጸሎት ርዕስ ሆኖ ነበር። ስለ ስንዴው ተጸለየ፤ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱም ተጸለየ። ብዙም ሳይቆይ የጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል ማቋረጡ ተሰማ። ለእነርሱም ተጸለየ። መልካም ነው። በዚያ ሁሉ መካከል ግን ስለ ጤና ምርምር አንድ ሰው እንኳ ሲያነሣ አልሰማሁም። እኔም አላነሣሁም።

ነገሩ በጥር ወር አላበቃም። በየካቲት የእንግሊዝ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ከብሔራዊ ገቢው 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2027 ድረስ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በሚያዝያ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በዚያ አገር ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ለሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ይተላለፍ የነበረውን ገንዘብ በተመለከተ፣ አሠራሩን እስኪያስተካክል ድረስ አዲስ እንደማይሰጥ ገለጸ። ስንዴ ሲቀር ሰው ይራባልና ወዲያው ይታወቃል። ጥናት ሲቀር ግን ማንም ተሰልፎ አይታይም፤ ከ10 ዓመት በኋላ ልናውቀው የሚገባን ነገር ሳይታወቅ ይቀራል፣ መቅረቱንም የሚያውቅ አይኖርም።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ዋሽንግተንንና ለንደንን ትተን ወደ ጎጃም እንሂድ።

የቀይ አፈር በሽታ

ከደብረ ማርቆስ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው መሬቱን ያስታውሰዋል። ዝናብ የጠገበ፣ እህል የሚያበቅል፣ ሲረጥብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚቦን ቀይ አፈር ነው። በዚህ መሬት ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ የሚሄድና የሚያርስ ሰው፣ ከአፈሩ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ። ከገቡ በኋላም በእግር ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚመለስበትን የሊምፍ መሥመር ያውካሉ። እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ፈሳሽ ያመነጫል። በየጊዜው ደግሞ ትኩሳትና የእግር ቃጠሎ እየተነሣበት አልጋ ላይ ይጥለዋል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ጀርም አያመጣውም፤ ትንኝም አያመጣውም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ ያደረገና እግሩን የሚታጠብ ሰው አይዘውም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት የተካሄደ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች መካከል 3.3 በመቶ የሚሆኑት ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳየ። ከሕሙማኑ አብዛኞቹ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ነበሩ። 100 ጎልማሳ ተሰብስቦ በሚያመልክበት አንድ አዳራሽ ውስጥ 3 ሰዎች ማለት ነው፤ ከመጡ ማለቴ ነው።

አይመጡማ። በልጅነቴ በነበርኩበት አጥቢያ (ስሙን ልተወው) እግራቸው ያበጠ አንዲት እናት ነበሩ። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። ይጸለይላቸው ነበር፤ ፈውስም ይታወጅላቸው ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ እግር የመተጣጠብ ሥርዓት ሲደረግ ግን እርሳቸው ይቀሩ ነበር። ለምን ቀሩ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። አንዳንዱ እርግማን ነው ይል ነበር፤ ሌላው ይጋባል ይል ነበር። ልጃቸውን ሊያጩ የመጡ ሰዎች በዚሁ ምክንያት መመለሳቸውንም በኋላ ሰማሁ።

ይህ የእኛ አጥቢያ ብቻ ጉድ እንዳልነበረ ያወቅኩት ብዙ ቆይቶ ከምርምር ጽሑፎች ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት ባለሙያዎች ግማሽ ያህሉ በሽታው ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ እንደ ነበር አረጋግጧል። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው ከፈራ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ምእመን ቢፈራ ምን ይደንቃል!

የማን ድካም፣ የማን ገንዘብ

የበሽታውን ስም ያወጣው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ የእግር እብጠት በትንኝ ከሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት የተለየ መሆኑንና ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን በጥናት አሳየ። በወላይታ ደግሞ ዶ/ር ናታን ባርሎ የተባሉ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ሐኪም፣ ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ፣ ለእነዚህ ሕሙማን እግር ማጠቢያና ጫማ የሚሰጥ ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 አረፉ፤ ሥራው ግን ቀጠለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረችው እንግሊዛዊት የሥነ በሽታ ስርጭት ተመራማሪ ጌይል ዴቪ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎቿና ባልደረቦቿ ጋር ጥናቱን ያስፋፋችው ከዚሁ የወላይታ ሥራ ተነሥታ ነው።

የኢትዮጵያውያኑን ድርሻ ማሳነስ አይገባም። ዶ/ር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት በሽታው 1.7 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረበት በወላይታ ዞን ብቻ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ፣ አንድ ሕመምተኛም ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አሰሉ። ይኸው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሌሎች ጋር በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ሥራ፣ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ለአፈሩ የበለጠ ተጋላጭ እንደ ሆኑ ከዘረመላቸው አሳየ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው የሚታመመው ለምን እንደ ሆነ፣ ይጋባል ያሰኘውም ምን እንደ ሆነ በዚህ ተገለጠ። ዶ/ር ከበደ ደርቤ ደግሞ የአገሪቱን የበሽታ ካርታ በመሥራት ግንባር ቀደም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎች የታዩበት አገር አቀፍ ቅኝት ተካሄደ፤ በውጤቱም በሽታው በ345 ወረዳዎች እንዳለና 34.9 ሚሊዮን ሕዝብ ለአደጋው በተጋለጠ አካባቢ እንደሚኖር ታወቀ። የሕሙማኑ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆነም ተገመተ።

መንግሥትም ያየው በዚሁ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጤና ሚኒስቴር ትኩረት የተነፈጋቸውን የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ለመቆጣጠር ባወጣው ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ ፖዶኮኒዮሲስ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው 8 በሽታዎች አንዱ ሆኖ ገባ። ከዚያ በፊት በዕቅድ ውስጥ ስሙ ያልነበረ በሽታ ነው። ሕሙማኑ ግን ሁልጊዜ ነበሩ፤ በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ። ያልነበረው ቁጥሩ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? የዘረመሉን ጥናት ከደገፉት መካከል የእንግሊዝና የአሜሪካ ተቋማት ናቸው። ለካርታው ሥራ የእንግሊዙ ዌልካም ትረስት እጅ አለበት። በጎጃም ውስጥ በአነደድ ወረዳ የተካሄደውን ትልቅ ሙከራ ደግሞ የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት፣ የዚያው አገር የልማት መሥሪያ ቤትና ዌልካም ትረስት በጋራ ከፈሉት። በጎረቤት አዊ ዞን፣ በጓጉሳ ሽኩዳድ፣ የዝሆኔንና የሥጋ ደዌን ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች አጣምሮ ለመስጠት የተሞከረውም በእንግሊዝ የምርምር ገንዘብ ነው። እንግዲህ መግቢያው ላይ ያነሣነው የለንደን ውሳኔ ቡሬና ደምበጫ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

«ገንዘቡ ለሳሙና ቢውል አይሻልም?»

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የጠየቁኝም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሕመምተኛው ሳሙናና ጫማ አጥቶ ሳለ በመጠይቅና በላቦራቶሪ ገንዘብ ማባከን ለምን? ይላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ መልስ ይገባዋል።

ያበጠ እግር ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ከአፈር የሚመጣው ነው፤ ሁለተኛው ትንኝ በምታስተላልፈው ጥገኛ ትል የሚመጣው ነው። ሁለተኛውን ለመከላከል ለመላው ሕዝብ በየዓመቱ ክኒን ይታደላል። ለመጀመሪያው ግን ክኒኑ ምንም አይፈይድለትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደው ቅኝት ሁለቱን በደም ምርመራ ለይቶ ካርታ ላይ አስቀመጠ። ይህ ባይደረግ ኖሮ ጫማና ሳሙና ለሚያስፈልገው ደጋ ክኒን፣ ክኒን ለሚያስፈልገው ቆላ ጫማ ልንልክ እንችል ነበር፤ ያውም እግዚአብሔርን እያመሰገንን። ስለዚህ ሳሙናው ወዴት መሄድ እንዳለበት የነገረን ምርምሩ ነው።

የአነደዱ ሙከራም እንዲሁ ነው። 696 ሕሙማን ተሳተፉበት። ግማሾቹ ወዲያውኑ እንክብካቤው ተጀመረላቸው፤ ሌሎቹ ከ1 ዓመት በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። እንክብካቤውን ማንኛችንም ቤታችን ልናደርገው እንችላለን፦ እግርን በሳሙናና በውኃ፣ በጥቂት በረኪና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። እንክብካቤ ያልጀመሩት ሰዎች በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ያ የትኩሳትና የቃጠሎ ሕመም ሲነሣባቸው፣ የጀመሩት 19.4 ጊዜ ተነሣባቸው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ተአምር አይደለም። እኛ የወንጌል አማኞች ምስክርነት መስማት እንወዳለን፤ አንዳንዴም ምስክርነቱ ከአንደበት ወደ አንደበት ሲያልፍ እየወፈረ ይሄዳል። ለምርምር ድጋፍ የሚያሰባስብ ሰው ትልቁ ፈተናው ይህ ነው። «በሽታው ጠፋ» ብሎ ቢናገር ዛሬ ይጨበጨብለታል፤ ነገ ግን ሕመምተኛው ያው አልጋ ላይ ሲታይ ገንዘብ የሰጠውም፣ የምክር ቤት አባሉም ሁለተኛ አይሰሙትም። በዓመት 4 ወይም 5 ጊዜ ያህል ከአልጋ መትረፍ፣ ለዚያውም በሳሙናና በበረኪና፣ በእርሻ ለሚኖር ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ገበሬን ጠይቁ። እውነተኛው ቁጥር ይበቃል።

ከገዛ ኪሳችን

ስለ ገንዘብ ከተነሣ የእንዶድን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። በአድዋ በተደረገው የ5 ዓመት ሙከራ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የእንዶድ ጉዳት አልባነት በታወቀ ላቦራቶሪ ይረጋገጥ አሉ። ለዚያ ምርመራ የሚከፍል ሲፈለግ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ገንዘቡ የተገኘው ከካናዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶ/ር አክሊሉና ዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው፤ ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይረጋገጥ መባሉ ስሕተት አይመስለኝም። የሚያሳዝነው የራሳችን ጥያቄ በሌላ ሰው ኪስ ላይ መንጠልጠሉ ነው።

ቃል አልገባንም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2008 በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ የተሰበሰቡ ሚኒስትሮች፣ ታዳጊ አገሮች ከጤና ሚኒስቴር በጀታቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለምርምር እንዲመድቡ ጥሪ አቀረቡ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ በዓመት ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ቢያንስ 1.5 በመቶ ለዚህ ዘርፍ እንዲመደብ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2017 አገሪቱ ለምርምር ሁሉ (ለጤና ብቻ አይደለም) ያወጣችው 0.27 በመቶ ነበር።

መንግሥት ምንም አልሠራም ማለትም ሐሰት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ተነሣሽነት በአለርት ግቢ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በጤና ሚኒስቴር ሥር ገብቷል። ባሕር ዳር ላይም የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ቤቱ አለ፤ ሰዎቹም አሉ። የሚጎድለው ዓመት ከዓመት የማይቋረጥ የአገር ገንዘብና፣ ያ ገንዘብ ሲቀነስ «ለምን?» የሚል ሕዝብ ነው።

ሕዝቡ ለምን አይጠይቅም? አንዱ ምክንያት ምርምር የሚመረቅ ነገር ስለሌለው ይመስለኛል። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ተሠራ፤ ማንም ሄዶ ውኃውን ያያል። ቡሬ ላይ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠራ፤ አጥሩና ሕንፃው ይታያል። ባለሥልጣን ሪባን የሚቆርጥበት፣ ካሜራ የሚያነሣው ነገር አለ። የደምበጫው ጥናት ግን ከመዝገብ በስተቀር የሚታይ ነገር የለውም። ሁለተኛው ምክንያት ውጤቱ ወደ ተጠናው ሰው አለመመለሱ ነው። መጠይቁን የሞላ ገበሬ፣ ደሙን የሰጠች እናት፣ ምን እንደ ተገኘ በአማርኛ የሚነግራቸው ማን ነው? ጽሑፉ የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። ያልተነገረው ሰው በጀት ሲቀነስ ይቆጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

በዚህ ነጥብ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ፤ ብዙ ወጪም የለውም። ከምእመናኖቻችን መካከል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሞልተዋል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለ20 ደቂቃ «በወረዳችን እንዲህ ያለ ጥናት ተደርጎ ይህ ተገኘ» ብለው ቢያስረዱ ማን ይከለክላቸዋል? ስለ ማስታወቂያና ስለ ሕንፃ መዋጮ ከዚያ የበለጠ ጊዜ እንወስዳለን። ሕመምተኞቹም ራሳቸው ይናገሩ። በወላይታ ቀድሞ የታከሙ ሰዎች ሌሎችን በማከም ሥራ ውስጥ ተሰማርተዋል፤ እግሩን ያጠበና የዳነለትን ያህል ዳነልኝ የሚል ሰው ከማንኛውም ሪፖርት ይልቅ በምክር ቤት አባል ፊት ይሰማል።

ሌላ መዘንጋት የሌለበት እውነት ደግሞ አለ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶ ያህል ስንሆን፣ በአማራ ክልል ግን 0.2 በመቶ ብቻ ነበርን። ጎጃም ውስጥ በቁጥር የምንኮራበት ነገር የለም። በዚያ ለዝሆኔ ሕሙማን ሕክምና ቀድመው ከደረሱት መካከል የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍልና ዓለም አቀፉ የኦርቶዶክስ በጎ አድራጎት ድርጅት ናቸው። ይህን ሳንሸማቀቅ እንናገር፤ ከእነርሱም ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን ወረዳውን እንጠይቅ። ሕመሙ የማንን ማኅተብ፣ የማንን መዝሙር አይመርጥም።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችም ድርሻ አላችሁ። በለንደን፣ በኦስሎ፣ በዋሽንግተን ያሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት አባላት በዚያ ግብር ከፋዮች ናችሁ፤ ብዙዎቻችሁም መራጮች ናችሁ። በእንግሊዝ ገንዘብ አነደድ ውስጥ የተሠራውን ሥራ ለአካባቢያችሁ የፓርላማ ተወካይ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ብታስረዱ፣ ከእናንተ የተሻለ ምስክር ከወዴት ይመጣል? የአገራችሁን ሰው እግር ያዳነ ገንዘብ መሆኑን ተወካዩ ከሌላ አይሰማውም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ይህን ሁሉ እጅግ አክብዶታል። መንገድ በሚዘጋበት፣ ጤና ጣቢያ በሚጎዳበት ጊዜ ስለ ምርምር በጀት ማውራት ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። እኔም አንዳንዴ ይመስለኛል። ነገር ግን ፋሻና ሳሙና ሳይደርሳቸው የቀሩት ሕሙማን ስንት እንደ ሆኑ፣ የትኛው ቀበሌ እንደ ተቋረጠ የሚቆጥር ሰው ከሌለ፣ ሰላም በሚወርድበት ቀን ከየት እንደምንጀምር አናውቅም።

የፌዴራሉ በጀት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል፤ የክልሉና የወረዳው ምክር ቤቶችም የየራሳቸውን ያጸድቃሉ። የሽማግሌዎች ጉባኤ ያላት አንዲት አጥቢያ ከዚያ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ሁለት ሦስት ሰው መርጣ የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤትና የአካባቢውን ተወካይ እንድታነጋግር እመክራለሁ። በወረዳችን የተመዘገቡ የዝሆኔ ሕሙማን ስንት ናቸው? መጨረሻ የተቆጠሩት መቼ ነው? ለሳሙና፣ ለበረኪናና ለፋሻ በመንግሥት በጀት የተያዘው ስንት ብር ነው፣ ከለጋሽ የሚጠበቀውስ? ለጥናትና ለክትትል የተመደበው ስንት ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ እሑድ ለጉባኤው አንብቡት፤ በሚቀጥለው ግንቦትም ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ተመለሱ።